አምስት እርምጃ ተኩል ድርቆሽ

ባለፈው ሳምንት ካናዳ ያለው የአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። መሬቱ ጠቅላላ ነጭ ነው፣ በረዶው ጉልበት ይደርሳል፣ አንድ ሰውዬ በትራክተር ክብ ክብ የታሰረ ድርቆሽ እያመጣ ይዘረግፋል፣ በጎቹ ደሞ ጀርባቸው ላይ በረዶ ተከምሮ ዝም ብለው ይበላሉ። ከስሩ "እናንተስ ክረምት ላይ ምን ታበሏቸዋላችሁ?" ብሎ ጽፏል። ልጁ ከዚህ የወጣው በስምንት አመቱ ነው፣ እሱ ጋ ክረምት ማለት ብርድ ነው፣ እኛ ጋ ክረምት ዝናብ ነው፣ ብርዱ ሚመጣው ሰማዩ ጥርት ብሎ ቀን ፀሐዩ እየፋጀ ባለበት በበጋው ነው፣ ይሄንን ላስረዳው በድምፅ መቅዳት ጀመርኩና ወሬው ወደ ድርቆሽ ክምሩ ገባ፣ ከክምሩ ወደ ጋጣው፣ ከጋጣው ወደ ግልገሏ፣ አላልቅ አለኝ። ስለዚ እዚህ ልፃፈው፣ እሱም ያነበዋል፣ ደጋ ላይ በግ ያላችሁም ታነቡታላችሁ።

እኛ ያለነው ከደሴ ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ጉጉፍቱ አካባቢ ነው። ደሴ ራሷ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ብርዷ ይወራላታል፣ እዚህ ደሞ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ በመኪና ሽቅብ ሲመጣ ጆሮ ይደፈናል። ከህዳር እስከ ጥር ደመና የለም፣ ደመና ከሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ሚይዝለት ነገር ስለሌለ ሁሉንም ወደ ሰማይ ይለቀዋል፣ ጠዋት ስትወጡ ሳሩ ላይ አመዳይ ጨው የተበተነበት መስሎ ይጠብቃችኋል። ነፋስ ያለበት ሌሊት አመዳዩ አይጥልም ግን ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ነፋስ የሌለበት ሌሊት ደሞ ውርጩ ነው፣ የቱ እንደሚሻል እስካሁን አላውቅም።

አባ ወደ አኼራ ከሄደ ሶስት አመት ሆነው፣ እኔ ደሴ ሱቅ ውስጥ እሰራ ነበር፣ እማ ጉልበቷን ሲያማት ጠቅልዬ መጣሁ። አሁን ያሉን 14 በግ፣ ሁለት ፍየል፣ አንድ አህያና ስድስት ዶሮ ናቸው። ላም የለንም። በ2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ቤቱን ጥለን ወጥተን ስንመለስ ጋጣው ባዶ ነበር፣ በጎቹን ቀስ ብለን ከሁለት ቄብ በግ ጀምረን ተካን፣ ላሟን ግን አልቻልንም።

ጠዋት ሚጀምረው በእማ ሱብሂ ነው። እሷ ሰግዳ እስክትጨርስ እኔ እሳት አያይዛለሁ፣ ኩበቱ አዳር ስለሚረጥብ በባህር ዛፍ ቅጠል ነው ሚነሳው፣ ጀበናው ሳይጣድ በፊት ግን አንድ ነገር አደርጋለሁ፣ ጋጣው በር ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ጋጣው ከቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ እኛ ምንተኛበት መደብ ጀርባው እነሱ ናቸው። የጠገበ በግ ጎህ ሲቀድ ተኝቶ ሲያመሰኳ ነው ሚሰማው፣ ያ የጥርስ ድምፅ ካለ ሌሊቱ በሰላም አልፏል ማለት ነው። ዝም ካሉ፣ ወይም ተነስተው እርስ በርስ ተጣብቀው ቆመው ካገኘኋቸው፣ በርዷቸዋል። የሚያስል ካለም ያኔ ነው ሚለየው፣ ቀን ላይ በንፋሱና በሰው ድምፅ ይጠፋል።

ስለ ሳል ካነሳሁ አይቀር፣ መጀመሪያ ስመጣ ከእማ ጋር የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። እማ ብርድ ሲመጣ የጋጣውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃና በገለባ ትደፍናለች፣ ሙቀት እንዲይዝ። እውነትም ስትገቡ ይሞቃል። ግን እዛ ውስጥ ተንበርክካችሁ አፍንጫችሁን በግ አፍንጫ ሚያደርግበት ከፍታ ላይ ብታደርጉ አይን ያስለቅሳል፣ ሽንቱ ከአዛባው ጋር ሲብላላ ሚወጣው አሞኒያ ነው፣ እሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱ ያደሩ በጎች ሳንባቸው ይላላና ጎሮርሳ ሚባለው የሳንባ በሽታ በቀላሉ ይገባባቸዋል። በግ ደረቅ ብርድ ይችላል፣ እርጥብና የታፈነ ቦታ ነው ማይችለው። አሁን ከጣሪያው ስር አንድ ክንድ ሚሆን ክፍት ትተናል፣ ንፋሱ ከራሳቸው በላይ ነው ሚያልፈው፣ ከታች ግን ግድግዳው ድፍን ነው። እማ አንድ ሳምንት ሙሉ "ልጆቼን አስመታሽብኝ" ስትለኝ ከረመች፣ ከዛ ሳሉ ሲቀንስ ዝም አለች፣ ዝምታዋ ፈቃድ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ጠረጋ ነው። በጠጡን በመጥረጊያ ወደ በሩ፣ የረጠበውን ጉዝጓዝ በመንሽ አንስቼ ወደ ጉድጓዱ፣ ቦታው ላይ የምድጃ አመድ በተን አድርጌ በጎቹ ትተው ያደሩትን የገብስ ገለባ ቅሪት አለብሰዋለሁ። ገለባ ከግርግሙ የተረፈ ሁሉ ጉዝጓዝ ይሆናል፣ ጉዝጓዙ ፍግ ይሆናል፣ ፍጉ የካቲት ላይ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ማሳ ላይ ይወጣል። ስራው ግማሽ ሰአት ነው፣ እጅ ግን ይሰነጠቃል፣ ቅባት ካልተቀባሁ ማታ ስልኬን እንኳን ጣቴ ሲነካው አይቀበለኝም።

አመዳዩ ሳይረግፍ በጎቹ አይወጡም። ሶስት ሰአት ሶስት ተኩል ይሆናል። ቀድሞ የወጣ በግ የበረደውን ሳር ለሆዱ ይሞላና ይነፋል ትላለች እማ፣ እኔም አንዴ የጎረቤት ጠቦት በግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ስላየሁ አልከራከራትም። እስከዛ ድረስ ግርግም ላይ ገለባ አደርግላቸዋለሁ። እዚህ እኛ የበልግ አገር ነን፣ ገብሳችንን በየካቲት በመጋቢት ዘርተን ክረምቱ መሀል ነው ምናነሳው፣ ስለዚ የገብስ ገለባችን ቀድሞ ይገባል፣ የባቄላውና የስንዴው ደሞ ህዳር ላይ ይጨመራል። የባቄላ ገለባ ከሌላው ይሻላል፣ በጎቹም ያውቁታል፣ ደባልቄ ሳቀርብ ለይተው እሱን ይጨርሱና የስንዴውን ያስተርፉብኛል።

ውሃ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ድርቆሽ ደረቅ ነው፣ ለምለም ሳር ሲበሉ ከሳሩ ያገኙት የነበረውን ውሃ አሁን ጠጥተው ማግኘት አለባቸው፣ ውሃው ደሞ ጠዋት ከገንዳው ላይ ስስ በረዶ ጋግሮ ነው ሚገኘው፣ በረዶ የነካው ውሃ ቀርቦላቸው አሽትተው ይሄዳሉ። በግ ካልጠጣ አይበላም፣ ካልበላ ይበርደዋል። ስለዚ ማታ ገንዳውን ደፍቼ አድራለሁ፣ ጠዋት በጀሪካን ከምንጭ አመጣለሁ፣ ምንጭ ውሃ ከመሬት ስለሚወጣ ጠዋት ላይ እንዲያውም ለብ ይላል እንፋሎት ይታይበታል፣ ወዲያው ከሰጠኋቸው ግጥም አርገው ይጠጣሉ። እርጉዞቹን ለብቻ አጠጣለሁ። ጨው በሳምንት ሁለቴ፣ ከአፋር ወደ ባቲ ወጥቶ በነጋዴ እጅ እዚህ ሚደርሰውን ድፍን ጨው ግርግሙ ጫፍ ላይ እናስርላቸዋለን ይልሱታል፣ ጨው የላሰ በግ ውሃ ይጠጣል፣ አንዱ አንዱን ይጎትታል።

አሁን ወደ ክምሩ።

ድርቆሹ ከጎርፍ መውረጃው ጎን ያለችውን ቁራሽ መሬት ክረምቱን ሙሉ ከልለን ካስቀመጥነው ሳር ነው። ማጨጃው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው፣ ሳሩ ማበብ ሲጀምር፣ ዘር ከያዘ በኋላ ግንዱ ይጠነክርና ጉልበቱ ወደ ዘሩ ሄዶ ይረግፋል፣ ይበላሉ ግን ከገለባ ብዙም አይሻልም። ችግሩ ሳሩ በሚያብብበት ጊዜ ሰማዩ ገና አለመጥራቱ ነው። ዘንድሮ እኔ ቸኮልኩ፣ ቀድመን አጨድን፣ በሶስተኛው ቀን ዝናብ መጣ። ሁለት ቀን በመንሽ እየገለበጥን ብናደርቀውም ከስር የነበረው ከፊሉ ጠቆረ። ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጥ ይግላል፣ ዝም ከተባለም እሳት እስኪነሳ ሊደርስ ይችላል፣ ስለዚ ከከመርን በኋላ ለሁለት ሳምንት በየማታው ክንዴን እስከ ክርኔ እያስገባሁ እነካው ነበር። አንድ ጎኑ ጋለ። አፈረስነው፣ ያመጣነው 86 ሸክም ነበር፣ ስድስቱ ሻግቶ ነጭ አቧራ ሆኖ ወጣ ጣልነው። እማ እሱን ስንጥል እንባዋ መጣ። የሻገተ ድርቆሽ እርጉዝ በግ ሊያስጨነግፍ እንደሚችል ነግሬያት ነበር፣ ታውቀዋለችም፣ ግን ድርቆሽ መጣል ለሷ ሌላ ነገር ነው።

እማ በ77 ልጅ ነበረች። ያኔ በሬያቸው እንዳይሞት አባቷ የቤቱን ክዳን ሳር እየመዘዘ ያበላው ነበር፣ ያረጀ ጭስ የጠጣ ሳር፣ ከላያቸው ሰማይ ይታይ ነበር ትላለች። በሬው አልተረፈም። ከዛ ወዲህ ክምር ስታይ አይኗ ቆጠራ ላይ ነው፣ ሰው ቤት ለሰርግ እንኳን ሄዳ ስትመለስ የምትነግረኝ ስለ ሙሽራዋ ሳይሆን ጓሮ ስላለው ክምር ነው። "ድርቆሽ አላቸው" ካለች ቤቱ ደህና ነው ማለት ነው።

ክምሩን ራሱ እሷ ናት የከመረችው፣ እኔ እያቀበልኳት። ከስር ድንጋይና የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የመሬት እርጥበት እንዳይስበው፣ መሀሉን ረገጥ ረገጥ፣ ጫፉን እንደ ቤት ጣሪያ ሹል አድርጋ፣ ከላይ ሸራ፣ ሸራው ላይ ድንጋይ በገመድ፣ ዙሪያውን እሾህ ለአህያዋ። ሲያልቅ ርዝመቱ በኔ እርምጃ ዘጠኝ ሆነ። ስንወስድ ከላይ አንገፍም፣ ከአንድ ጫፍ ብቻ እንደ ዳቦ እየቆረጥን ነው፣ አለበለዚያ ሁሉም ይጋለጣል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ የኛ በግ 30 ኪሎ ቢሆን በቀን 1 ኪሎ ገደማ ደረቅ ምግብ ይፈልጋል፣ ገለባውና ቀን ከማሳ ላይ ሚለቃቅሙት ግማሹን ይሸፍናል ብንል ግማሽ ኪሎ ድርቆሽ ለእያንዳንዱ፣ 16 ናቸው ከፍየሎቹ ጋር፣ 8 ኪሎ በቀን። ሚዛን ተውሼ መዝኜዋለሁ፣ የኔ አንድ እቅፍ 2 ኪሎ ነው፣ ስለዚ አራት እቅፍ። የቀረን 80 ሸክም ነው፣ ሸክሙ 15 ኪሎ ቢሆን 1200 ኪሎ፣ 150 ቀን። ከህዳር 10 ብንጀምር ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ። የበልጉ ዝናብ የካቲት ላይ ከጣለ መጋቢት መጨረሻ ሳር ይኖራል፣ ካልጣለ አይኖርም፣ ሲዘገይም አይተናል፣ ሲቀርም አይተናል። ይሄን ሂሳብ ሰርተን ነው ህዳር ላይ 18 የነበሩትን በጎች 14 ያደረግናቸው፣ ሁለት ሙክትና ሁለት ያረጁ እናቶች ሸጥን። አንዷን አሮጊት ስሰጥ እጄ ከብዶኝ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቄቦች ከነበሩት አንዷ ናት፣ ግን ጥርሷ ረግፏል፣ ድርቆሽ ማኘክ የማይችል በግ ደጋ ላይ ታህሳስን አያልፍም።

ድርቆሹ ማታ ነው ሚሰጠው። ሁሉም እቅፍ፣ አራቱም፣ ከመግሪብ በፊት። የእማ ህግ ነው፣ ምክንያቱን ስጠይቃት "በግ ሚሞቀው በሆዱ ነው" ነው መልሷ፣ ሌላ ማብራሪያ የላትም። እኔ ደሞ ህዳር መጨረሻ ላይ ክምሩን ለካሁና ደነገጥኩ፣ ከታሰበው ፈጥኖ የሄደ መሰለኝ፣ አለካኬ ተሳስቶ ይሁን ወይ ጫፉ ሳስቶ አላውቅም፣ ብቻ ልቤ ፈራ። ለእማ ሳልነግራት የማታውን ሁለት እቅፍ አደረግኩት፣ አንዱን ወደ ጠዋት አዛወርኩት፣ ጠዋት አብረው ሲበሉ ስለምታየኝ አትጠረጥርም፣ አንዱን ደሞ አስቀረሁት። በወር 30 እቅፍ ይተርፋል፣ 60 ኪሎ፣ ብዙ መሰለኝ። ቀን ላይ ምንም አላሳዩም፣ እንደውም ጠዋት ላይ ድርቆሽ ስላዩ ይሻሙ ነበር።

በጋጣው በር ሳዳምጥ ግን ድምፁ ቀነሰ። ሰማሁት ግን ትርጉም አልሰጠሁትም።

ታህሳስ 12 ሌሊት ነፋስ አልነበረም፣ ኮከቡ ሁሉ ወጥቷል። አንዷ በግ መውለጃዋ ገና ሳምንት ይቀራታል ብለን ነበር፣ የመጀመሪያዋ ናት፣ ሌሊት ወለደች። ጎህ ሲቀድ ስገባ በጎቹ በሙሉ ጥግ ላይ ተጣብቀው ቆመዋል፣ እሷ ግልገሏን ትልሳለች፣ ግልገሏ ተኝታለች። ጣቴን አፏ ውስጥ ሳስገባው ምላሷ ቀዝቃዛ ነበር። የእናትዬውን ግት ነካሁት፣ ምንም አልያዘም፣ ሆዷ ጎድጎድ ብሏል። እማ ግልገሏን ጋቢዋ ውስጥ ደረቷ ላይ አድርጋ ምድጃው ጋ ተቀመጠች፣ እኔ ወተት ላሙቅ ስል "ተይ፣ መጀመሪያ ትሙቅ" አለችኝ፣ ልክ ናት፣ ሰውነቷ የቀዘቀዘ ግልገል መዋጥም መፍጨትም አትችልም፣ ወተቱ ወደ ሳንባ ነው ሚሄደው። ከሌላዋ እናት በግ ትንሽ እንገር አልበን አስቀመጥን። አልሞቀችም። ሶስት ሰአት ሳይሞላ፣ አመዳዩ ሳይረግፍ፣ እማ እጅ ላይ ቀረች።

ያኔ ነው የነገርኳት። ስለ እቅፉ። አልጮኸችብኝም፣ እሷ እንዲህ ባለ ጊዜ አትጮህም። ተነሳች፣ በጉልበቷ እያነከሰች ወደ ክምሩ ሄዳ አንድ ትልቅ እቅፍ ይዛ መጥታ ግርግሙ ላይ ጣለችው፣ "ሌሊቱ ረጅም ነው ልጄ፣ ቀኑ ለነሱ ፀሐይ አለው" አለችኝ። ይሄው ነው ያለችው።

በኋላ ወረዳ ላይ ሚሰራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለክትባት ሲመጣ ጠየቅኩት፣ እሱም እንደ እማ ነው ያለው በሌላ ቋንቋ። በግ የበላችው ሳርና ገለባ ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ገብቶ በጥቃቅን ተህዋስያን ይብላላል፣ መብላላቱ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ ልክ ያልደረቀው ክምራችን ከውስጥ እንደጋለው። ማታ የገባ ድርቆሽ ቀስ እያለ ስለሚብላላ ሙቀቱ ለሰአታት ይቆያል፣ ውርጩ እስከሚበረታበት እስከ ጎህ ድረስ ይይዛቸዋል። እህል ብትሰጪ ቶሎ ያልቃል፣ ሚያሞቀው እንደ ድርቆሽና ገለባ አሰር የበዛበት ምግብ ነው። ደሞ እርጉዝ በግ ከአምስቱ ወር የመጨረሻው ወር ተኩል ላይ ነው ግልገሉ ውስጧ ሚያድገው፣ ያኔ ከቀነስሽባት ግልገሉም ትንሽ ይሆናል ወተቷም አይመጣም። እኔ የቀነስኩት ልክ ያኔ ነበር።

ከዛ ቀን ጀምሮ እርጉዞቹን ለየን፣ አራት ነበሩ፣ አሁን ሁለት ቀርተዋል። ለነሱ ከድርቆሹ ላይ ትንሽ ፉርሽካ እንጨምራለን፣ ጎረቤታችን ለገና ጠላ ስትጠምቅ አተላውን በእንስራ ሰጠችን፣ እማም ቀሪቦ ስታፈላ የተጠለለውን ገብስ ለነሱ ነው ምታስቀምጠው። እነዚህ ቤቶች እንዲህ ነው ሚኖሩት፣ የነሱ አተላ ለኛ በጎች፣ የኛ ባቄላ ገለባ ለነሱ ጥጃ።

ክምሩን ማራዘሚያ ግን ያስፈልግ ነበር፣ ፍርሀቴ ሙሉ ለሙሉ ከንቱ አልነበረም። ስለዚ የስንዴ ገለባውን በዩሪያ ማዳበሪያ ሞከርን። ገለባ ብቻውን ፕሮቲኑ ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው፣ ከ7 በታች ሲሆን ሆድ ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ራሳቸው ይራባሉ፣ በጉ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። 100 ኪሎ ገለባ፣ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ፣ ጉድጓዱን በፕላስቲክ ለብጠን ገለባውን እያነጠፍን በመርጫ እያረጠብን እየረገጥን ሞላነውና አየር እንዳይገባ አድርገን ዘጋነው። ሶስት ሳምንት ነው ሚባለው፣ ደጋ ላይ ብርዱ ስራውን ስለሚያዘገየው እኛ ጥቂት ቀን ጨመርንለት። ሲከፈት ሽታው አይን ይቆነጥጣል፣ ከመስጠታችሁ በፊት ያንን ቀን ሚበላውን አውጥታችሁ አዳር አናፍሱት፣ ለትንንሽ ግልገሎች ጭራሽ አትስጡ፣ ዩሪያውን ደሞ በደረቁ ወይ በውሃ በጥብጣችሁ እንዳይደርሱበት፣ ይገላል። ገለባው ቢጫነቱ ወደ ቡኒ ሄዶ ለስልሷል። መጀመሪያ ቀን አሽትተው ተዉት፣ በሶስተኛው ቀን ጀመሩት፣ አሁን የጠዋቱ እሱ ነው።

ግርግሙም ረድቶናል። ድሮ ድርቆሹ መሬት ላይ ነበር ሚጣለው፣ ይረግጡታል፣ ይሸኑበታል፣ ከዛ አይነኩትም፣ ከአራት እቅፍ አንዱ ጉዝጓዝ ሆኖ ይቀር ነበር። ከባህር ዛፍ አጣና ቁመቱ እስከ በግ ደረት ሚደርስ አስመታን፣ ራሳቸውን ሚያስገቡበት ክፍተት ተትቶለት። እኔ ከበጎቹ አፍ ልቀንስ ያልኩትን ያህል እዛ መሬት ላይ ተረግጦ ሲቀር ነበር ለካ።

ዶሮዎቹ ብርዱ ሲመጣ እንቁላል አቁመዋል፣ ማታ ቆጥ ላይ ያድራሉ፣ ገብስ እበትንላቸዋለሁ፣ ስለነሱ ብዙ ሚባል የለም። አህያዋ ገለባ ይበቃታል፣ ከባድ ጭነት በሌለበት ቀን። ውሻ ያላችሁ ደሞ አንድ ነገር፣ በግ ስታርዱ ጭንቅላቱን ለውሻ አትጣሉ። አዙሪት ሚባለው በሽታ፣ በጉ አንገቱን አጣሞ ባንድ ጎን ሚዞርበት፣ አንጎል ውስጥ ያለ የትል ከረጢት ነው፣ ውሻ ያንን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከውሻው እዳሪ ጋር ሳር ላይ ይወጣል፣ በጎቹ መልሰው ይበሉታል። ባለፈው አመት አንድ ጠቦት በዚህ አጥተናል፣ ጭንቅላቱን ቀበርነው።

ታህሳስ 27 ላይ ሌላዋ ወለደች። መግሪብ አልፎ፣ ድርቆሿን እየበላች ቆይታ ነው ምጥ የያዛት፣ ሁላችንም እዛው ነበርን። ሴት ናት፣ ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ጠብታ ያለባት። ወዲያው ተነስታ ግቱን ፈለገች፣ እንገሩን ስትስብ ጭራዋ ሲንቀጠቀጥ እማ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" እያለች ጉልበቷን ረስታ ቁጢጥ ብላ ታያት ነበር። ለጥንቃቄ ብለን የአባን አሮጌ ባና፣ ከራሳችን በጎች ፀጉር የተሸመነ፣ ከላይዋ አደረግንላት። ጠዋት ሳዳምጥ ከሌሎቹ ማመስኳት መሀል የሷ ቀጭን ድምፅ ነበረበት።

ዛሬ ጥር 10 ነው። ከሰአት ክምሩን ለካሁት፣ አምስት እርምጃ ተኩል ምትሆን ቀርታለች። 60 ቀን ሄደ፣ ሂሳቡ ላይ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ የዩሪያው ገለባ ካልከዳን እንደውም ትንሽ ይተርፋል። ለአጎቴ ልጅ የግልገሏን ፎቶ ከባናው ጋር ልኬለታለሁ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ይደርሰዋል። ሰማዩ ዛሬም ጥርት ብሏል፣ በምዕራብ በኩል ቀይ ሆኗል፣ ሌሊቱ ከባድ ነው ሚሆነው። ሶስቱን እቅፍ አድርሻለሁ፣ እማ በሩ ላይ ቆማ "አራተኛዋስ?" እያለችኝ ነው፣ ልሂድ።